ያልሄድኩባቸው ስድስት ቀናት

እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ እኔ ስልኬን አውጥቼ የምነካካ ሰው ነኝ፣ አክስቴ በልጅነቷ ወንዝ ዳር አየሁት የምትለውን ነገር ስታወራ ቤተሰቡ ሁሉ ተጠጋግቶ ሲሰማ «ያን ቀን ምን በልተሽ ነበር?» ብዬ ጠይቄ ከሳሎን የተባረርኩ ነኝ፣ ያደግኩትም ጸሎት በሚበዛበት የጴንጤ ቤት ስለሆነ ስለ ዛርና ስለ ቡዳ ማውራት እኛ ጋ እንደ ነውር ነበር የሚታየው፣ ሥራዬም ቢሆን መለካት ነው፣ ያልተለካ ነገር ለእኔ የለም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ «እሷ ድሮም እንዲህ ዓይነት ነገር ትወዳለች» እንዳትሉኝ ነው። አልወድም፣ አሁንም አልወድም፣ እመኑኝ።

ትዕግሥት እባላለሁ፣ እናቴ ስሙን ያወጣችልኝ ገና ሳታውቀኝ ነው። ሐዋሳ ውስጥ የድሮ ቤቶችን የውስጥ አየር በሚለካ አንድ ፕሮጀክት ነው የምሠራው። የድሮ ቤት ስል ያ ከተማው ገና ትንሽ ሳለ የተሠራው፣ ግድግዳው ጭቃ ሆኖ ኖራ የተቀባ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ፣ መስኮቱ ጠባብ የሆነው ማለቴ ነው፣ ከውጭ ሲያዩት ያምራል፣ በረንዳው ላይ አበባ አለ፣ ስትገቡ ግን የስንት ዓመት ጭስና ከሐይቁ የሚመጣው እርጥበት እዚያው ኮርኒሱ ሥር ተኝቶ ይጠብቃችኋል። እኛ የምናደርገው አንዲት ትንሽ ራዲዮ የምታክል መሣሪያ መኝታ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ነው፣ እሷም ሰባት ቀን ሙሉ በየደቂቃው የከሰሉን መርዝ፣ አቧራውን፣ ሙቀቱንና እርጥበቱን ትመዘግባለች፣ ከዚያ አንስተን ኮምፒውተር ላይ እንከፍታታለን፣ በቃ።

በቃ አልኩ እንጂ አንድ ነገር ቀርቷል፣ የጉብኝት ቅጽ የሚባል አለ። ደንቡ ባለሙያው በየቀኑ ቤቱ ድረስ ሄዶ መሣሪያዋ መሥራቷን እንዲያይ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ እንዲፈርም ነው የሚለው፣ ቅጹ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከመሣሪያዋ ሥር ይቀመጣል፣ ሰባት መስመር አለው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማንም አይሄድም። ቤቶቹ ብዙ፣ ፀሐዩ ከባድ፣ ባጃጁ ደግሞ ሲፈልጉት የለም፣ ስለዚህ በመጨረሻው ቀን እንሄድና ሰባቱንም መስመር በአንድ ጊዜ ቁጭ ብለን እንሞላለን፣ እኔ እንዲያውም ነገሩ እውነት እንዲመስል ሰማያዊና ጥቁር እስክሪብቶ ይዤ ነው የምሄደው፣ አንዱን ቀን ዘጠኝ ሰዓት፣ ሌላውን ዘጠኝ ከሩብ እያልኩ አዛባዋለሁ፣ የቤቱ ሰዎችም ይሉኝታ ይዟቸው ዝም ይላሉ። በዚህ ማንም ሰው አልተጎዳም ብዬ አስብ ነበር።

ቤቱ ያለው መናኸሪያ አካባቢ፣ የአውቶቡሶቹ ጡሩምባ በሚሰማበት አንድ ጠባብ መንገድ ውስጥ ነው። የቤቱ ባለቤት እትዬ አስካለ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፣ በወጣትነታቸው ከጎንደር ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ሲያናግሯችሁ አሁንም የቤት ሥራ ያልሠራችሁ የሚያስመስሉ ሴት። አብራቸው ያለችው ልጃቸው ማህሌት ናት፣ የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች አሥራ ሁለት ቀኗ ነበር፣ ባሏ ክፍለ ሀገር መንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ እናቷ ቤት ነው የታረሰችው። ሰኞ ዕለት መሣሪያዬን ይዤ ወደ መኝታ ቤቱ ስገባ የያዘኝን ነገር አልረሳውም፣ አየሩ ከብዶ ትከሻዬ ላይ ተቀመጠ፣ አልጋው ሥር ማንደጃው ላይ ከሰሉ ቀልቷል፣ በሩ ተዘግቶ መጋረጃ ተጥሎበታል፣ በቦርሳዬ የያዝኳት የእጅ መለኪያም ገና ሳልነካት መጮህ ጀመረች።

«እትዬ፣ ይሄ ከሰል መውጣት አለበት» አልኩ፣ «ይገድላል።»

«አራስ ናት እኮ ልጄ፣ ብርድ ይምታት?»

«እሺ መስኮቱን እንክፈተው።»

«መስኮቱማ ከተመታ ስንት ዓመቱ! ጎረቤቴ ግንቡን አምጥቶ አፍንጫችን ላይ ሲተክለው ምን ሊያሳየን ይከፈታል?»

የመስኮቱን መጋረጃ ገልጬ አየሁት። አምስት ምስማር ተመትቶበታል፣ በላዩ ቀለም ተቀብቶ ምስማሩም፣ ፍሬሙም፣ መቀርቀሪያውም አንድ ላይ ተጣብቀዋል፣ ከመስታወቱ ማዶ አንድ ስንዝር እንኳ በማይሞላ ርቀት የጎረቤቱ ብሎኬት ቆሟል። በሩን ክፈቱ ብል ደግሞ በሩ ከሳሎኑ የውጭ በር ጋር ፊት ለፊት ስለሆነ ንፋሱ ቀጥ ብሎ አልጋው ላይ ነው የሚወርደው አሉኝ፣ እኛ አገር ንፋስ እንዴት እንደሚፈራ እኔ አልነግራችሁም፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት አውቶቡስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው የሚደርስበትን ታውቃላችሁ።

ልጁን አየሁት። ተኝቷል፣ ግን አተኛኘቱ ደስ አላለኝም፣ ማህሌትም በቀስታ «አይጠባልኝም፣ ጡት አፉ ውስጥ እያለ ይተኛል፣ እኔንም ራሴን ቀኑን ሙሉ ያመኛል» አለችኝ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፣ የተማርኩት እሱን ነው። ጤና ጣቢያ ይታይ ብል እትዬ አስካለ «ከአርባ ቀኑ በፊት ከዚህ ደጅ አይወጣም» ብለው ደመደሙ፣ እኔም ተናደድኩ፣ ፈራሁም፣ ሁለቱንም ፊት ለፊት ነገርኳቸው፣ እንዲህ ከቀጠለ ልጁ አንድ ቀን ከእንቅልፉ አይነቃም አልኩ። እሳቸውም እንዲህ አሉኝ፣

«እኔ በገዛ እጄ በር ከፍቼ ልጄን ለንፋስ አልሰጥም። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አንቺ እየመጣሽ ክፈቺላት፣ ከሰሉንም አንቺው አውጪው፣ አንቺ ካለሽ አልፈራም።»

«በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እመጣለሁ» አልኩ፣ «ሃያ ደቂቃ ይበቃል።»

«አትቀሪም?»

«እንዴት እቀራለሁ!»

«እግዜር ይስጥሽ፣ እኔም በዚያ ሰዓት ሱቅ ደርሼ እመለሳለሁ፣ አራስ ብቻዋን አትተውም ብዬ ከወለደች ጀምሮ ከዚህ ግቢ ወጥቼ አላውቅም።»

ይህን ቃል ገብቼ ነው የወጣሁት፣ አስቡት እንግዲህ።

ማክሰኞ ለመሄድ ተነስቼ ነበር፣ የእግዜር እውነት ነው፣ ግን ድንገት የሁለት ቀን ሥልጠና አለ ተባለና መሃል ከተማ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተጠርተን እስከ ማታ ተቀመጥን፣ ረቡዕም እንዲሁ፣ እንዲያውም በረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቡድን ፎቶ ተነስተን ቴሌግራም ላይ ተለቀቀ። ሐሙስ ዝናብ ያዘኝ፣ ስደውል ደግሞ የእትዬ አስካለ ስልክ ጥሪ አይቀበልም። ዓርብ ምንም ምክንያት አልነበረኝም፣ ያገደኝ እፍረት ብቻ ነው፣ ሦስት ቀን ከቀሩ በኋላ በአራተኛው ምን ብለው ይገባሉ? እያንዳንዱ የቀረሁበት ቀን የሚቀጥለውን ይበልጥ ያከብደው ጀመር፣ ቅዳሜ ሠርግ ነበረብኝ፣ እዚያ ተቀምጬ ሰዓቴን ዘጠኝ ሲል አየሁትና የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት። እሁድ ጸሎት ቤት ለሕፃናት ሲጸለይ ዓይኔን ጨፍኜ አንድ ቃል እንኳ መጸለይ አልቻልኩም፣ ልጁ ሞቶ ቢሆንስ የሚለው ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ተተክሎ ቀረ።

ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ወደዚያች ጠባብ መንገድ ስታጠፍ መጀመሪያ ያየሁት ድንኳን ነው። የአንድ ሰው አጥር ይዤ ቆምኩ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት አልኩ፣ ድምፅ አውጥቼ ነው ያልኩት፣ ከዚያ ዘፈን ሰማሁና ድንኳኑ ሦስት ቤት ወዲያ ያለ፣ የሠርግ መሆኑ ገባኝ፣ ያን ዘፈን የወደድኩትን ያህል የወደድኩት ሌላ ዘፈን ያለ አይመስለኝም።

በሩን ስቆረቁር እትዬ አስካለ ከፈቱልኝ። ስድብ ነበር የጠበቅኩት፣ እሳቸው ግን ጉንጬን ስመው «ዛሬ ደግሞ በጠዋት መጣሽ?» አሉኝ። ሽሙጥ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። «ልጁ እንዴት ነው?» ስል «አንቺው ታውቂው የለ፣ ትናንትና በእጅሽ ላይ ሆኖ ሲያዛጋ አልነበር!» ብለው ሳቁ፣ እኔም በሆዴ፣ መምህርት አይደሉ፣ ቅጣቱን አሳምረው ነው የሚሰጡት እያልኩ ገባሁ።

ልጁ አልጋው ላይ ዓይኑን አፍጥጦ እጁን ይበላል። ማህሌት ፊቷ ወዝ አውጥቷል፣ «ሌሊቱን ሙሉ ሲጠባ አደረ፣ አደከመኝ» አለች በደስታ። እኔ እፎይታው ራሴን አዞረኝና ሌላ ነገር ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም፣ እንባዬን ለመደበቅ ወደ መሣሪያዬ ዞርኩ፣ ቅጹን ከሥሯ መዘዝኩ፣ ሁለቱን እስክሪብቶዎቼን አወጣሁ።

ቅጹ ተሞልቷል።

ስድስት መስመር፣ ከማክሰኞ እስከ እሁድ፣ ሁሉም ላይ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሁሉም ላይ ስሜና ፊርማዬ። ፊርማዬን ላስረዳችሁ፣ «ት»ን እጠመዝዝና ከሥሯ ሁለት ጭረት አደርጋለሁ፣ እጄ ከባድ ስለሆነ ሁለተኛው ጭረት ሁልጊዜ ወረቀቱን ይበሳዋል፣ ባንክ ቤት እንኳ ይስቁብኛል። ስድስቱም ቦታ ላይ ወረቀቱ ተበስቷል። አንድ ሰው አስመስሎ ፈርሞልኝ ይሆን ብዬ በጣቴ ዳሰስኩት፣ የእኔ እጅ ነው፣ የራሳችሁን እጅ አትስቱትም። አንድ ነገር ብቻ የእኔ አልነበረም፣ ሰዓቱ። እኔ ሁልጊዜ አዛባዋለሁ፣ እዚያ ላይ የጻፈችው ግን አንዲት ደቂቃ እንኳ አላዛነፈችም።

ከሥራ ባልደረቦቼ አንዷ መጥታ ይሆናል አልኩ፣ ግን ማን? ኮምፒውተሬን ይዤ በረንዳው ላይ ወጥቼ የመሣሪያዋን መዝገብ ከፈትኩት። የመርዙ መስመር ቀንና ሌሊት ከፍ ብሎ ይሄድና በየቀኑ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በመቀስ የተቆረጠ ያህል ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ሃያ ደቂቃ እዚያው ይቆያል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይነሳል፣ በማግስቱ የሚነሳው ግን ካለፈው ቀን አንሶ ነው። ይህን አንድ ሰው በሩን ከፍቶት ነው ብዬ ላልፈው እችል ነበር፣ ያስጨነቀኝ የሙቀቱ መስመር ነው። በሐዋሳ በዘጠኝ ሰዓት ከውጭ የሚገባ አየር ቤት ያሞቃል እንጂ አያቀዘቅዝም፣ እዚያ ክፍል የገባው ግን ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር፣ ማለዳ ሐይቁ ዳር የሚገኘው ዓይነት አየር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ስድስት ቀን በተከታታይ። መሣሪያዋ ተበላሽታ እንደሆነ ብዬ ከእጅ መለኪያዬ ጋር አስተያየኋት፣ ደህና ናት።

ተመልሼ ገባሁና ማህሌት አጠገብ ተቀመጥኩ። እንዴት እንደምጠይቃት አላወቅኩም፣ «አልመጣሁም» ማለት ልጅሽን ትቼው ነበር ማለት ነው፣ ያን ደግሞ አፌ እሺ አላለኝም።

«ማህሌት፣ ስመጣ ምን ምን ነበር የማደርገው?» አልኳት።

«ፈተና ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። «ከሰሉን ታወጪያለሽ፣ መስኮቱን ትከፍቺያለሽ፣ ልጁን ታቅፈሽ እዚያ ጋ ትቆሚያለሽ።»

«በሩን ማለትሽ ነው።»

«መስኮቱን ነው እንጂ፣ በሩንማ ዘግተሽ ነው የምትገቢው።»

«መስኮቱ እኮ ተመትቷል።»

ዞር ብላ መጋረጃውን አየችው፣ ግንባሯ ተኮማተረ። «እኔ እንጃ... ተኝቼ ነው የማይሽ፣ መጋረጃውን ትገልጪዋለሽ፣ ሲጢጥ ይላል፣ ከዚያ የሐይቁ ሽታ ይመጣል፣ የሳር ሽታ...» አለች፣ እኔም አራስ ማስደንገጥ ደግ አይደለም ብዬ ወሬ ቀየርኩ። ስነሳ ግን ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነካኋቸው፣ አምስቱም አሉ፣ ቀለሙ አንድ ቦታ እንኳ አልተሰነጠቀም፣ በመስታወቱና በግንቡ መሃል ያረጀ የሸረሪት ድር ተዘርግቷል።

መሣሪያዋን አላነሳኋትም። ሰባተኛው መስመር ገና ባዶ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቼ ራሴ እሞላዋለሁ፣ ከሰሉን አውጥቼ፣ በሩን ከፍቼ፣ በዓይኔ አይቼ አልኩ፣ ለእትዬ አስካለም «በዘጠኝ ሰዓት እመለሳለሁ» ስላቸው «እሱማ መች ትቀሪ» አሉኝ። ያን አምስት ሰዓት መናኸሪያ ፊት ለፊት አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ያዘዝኩትን ሳልነካ አሳለፍኩት፣ ሄጄ ረስቼው ይሆን እንዴ ብዬ እስከማሰብ ደርሼ የረቡዕን ፎቶ ከቴሌግራም አወጣሁት፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ይላል፣ እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቆሜ እያዛጋሁ ነው። እኔ እዚያ ነበርኩ። ታዲያ ያቺ ማን ናት? አእምሮዬ እዚህ ጥያቄ ጋ ሲደርስ እንደ ባጃጅ ሞተር ይጠፋብኛል፣ እንደገና አስነሳዋለሁ፣ እንደገና ይጠፋል።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ወደዚያው አመራሁ፣ ፀሐዩ ቀጥ ብሎ ይመታል፣ መንገዱ ላይ ሰው ይተላለፋል፣ የሠርጉ ዘፈን እንዳለ ነው፣ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። በሠርገኞቹ መሃል ለማለፍ ትንሽ ቆየሁና በሩ ጋ ስደርስ እትዬ አስካለ ዘንቢላቸውን ይዘው ሲወጡ ተገጣጠምን።

«እንዴ! በየት ወጣሽ?» አሉ።

«ምን?»

«አሁን ገባሽ እኮ! እኔ አይደለሁ እንዴ የከፈትኩልሽ? ልጁን ስታቅፊው አይቼ ነው የወጣሁት።»

እሳቸው እየሳቁ ነው፣ ቀልድ የሠራሁባቸው መስሏቸዋል፣ እኔ ግን አልፌያቸው ግቢው መሃል ደርሼ ቆምኩ። ማንደጃው በረንዳው ላይ ወጥቷል፣ ከሰሉ ገና ይንቦገቦጋል። የሳሎኑ በር ክፍት ነው፣ የመኝታ ቤቱ ዝግ። ቦርሳዬ ውስጥ የእጅ መለኪያዬ ሁለት ጊዜ ጮኸችና ዝም አለች። ከዚያ ሰማሁት፣ ረጅም ሲጢጥ የሚል ድምፅ፣ ያረጀ እንጨት ከቀለሙ ሲላቀቅ የሚያሰማው፣ ወዲያው ደግሞ በበሩ ሥር ቀዝቃዛ አየር ሳሎኑን አቋርጦ መጥቶ እግሬን ነካኝ፣ እርጥብ ሳር ይሸታል።

ማህሌት «ይበቃዋል፣ ይበርደዋል» ስትል ሰማኋት።

የመለሰላት ድምፅ የሴት ነው፣ «አይዞሽ፣ ንፋሱ አይመታውም» አለቻት፣ ቀጥሎም ጉሮሮዋን ጠረገች። መቼም የራሳችሁን የድምፅ መልእክት መልሳችሁ ስትሰሙት የሌላ ሰው የሚመስላችሁ ነገር አለ አይደል፣ እኔ እንዲህ ነኝ እንዴ የምትሉት፣ ያ ድምፅ ነው። እኔ ነኝ፣ ከውጭ ስሰማ።

በሩ ጋ ለመድረስ ስምንት እርምጃ ይሆናል። ስለዚህ ስምንት እርምጃ ብዙ አስቤያለሁ። አልሄድኩም። ፈራሁ ብል እውነት ነው፣ ግን ፍርሃት ብቻ አይደለም፣ ልጁ በእጇ ላይ ነው፣ ስድስት ቀን ሙሉ እኔ ያላደረግኩትን ያደረገችለት እሷ ናት፣ ገብቼ ምን ልበላት? «ቦታዬን ልቀቂ» ልበላት? በዚያ ፀሐይ እየበረደኝ፣ እስኪያልቅ ድረስ ቆሜ ጠበቅኩ።

ሲያልቅ መስኮቱ ሲጢጥ አለና ዝም ሆነ። ማንም አልወጣም። ያ ክፍል ሌላ በር የለውም፣ እኔም ዓይኔን ከበሩ ላይ አልነቀልኩም። እትዬ አስካለ፣ የእኔ ነገር አሳስቧቸው ሱቁን ትተው አጠገቤ ቆመው ነበር፣ በሩን ከፍተው ገቡና ተመልሰው ወጡ፣ ፊታቸው ግራ ተጋብቷል።

«ሄደች ትላለች» አሉኝ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና «ማለቴ ሄድሽ ትላለች» ብለው አማተቡ። «በስመ አብ፣ እኔ እኮ አርጅቻለሁ ልጄ፣ ዓይኔም አሁን አሁን...» እያሉ የራሳቸውን ዓይን ሲወቅሱ፣ ዓይናቸው ምንም እንደሌለው እያወቅኩ «ልክ ነዎት፣ መነጽር ያስፈልግዎታል» አልኳቸው። ከስድስት ቀን በኋላ እንኳ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ገባሁ። ክፍሉ እንደ ጠዋቱ ነው፣ መጋረጃው ተጥሏል፣ ምስማሮቹ አምስት ናቸው፣ ማህሌትና ልጁ እንቅልፍ ሊወስዳቸው ነው፣ አየሩ ግን ንጹሕ፣ ከውጭው የሚበልጥ ንጹሕ። መሣሪያዋን አነሳኋት። ሰባተኛው መስመር ተሞልቷል፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም፣ ጣቴን ነካው።

ሪፖርቱን ምን ብዬ ጻፍኩት መሰላችሁ? መሣሪያዋ ያሳየችውን ጻፍኩ፣ ከቅጹ ጋር አያይዤ፣ ክፍሉ አደገኛ ነው፣ አየር የሚገባው በጉብኝት ሰዓት ብቻ ነው ብዬ፣ ፕሮጀክቱም በማግስቱ ሠራተኛ ልኮ በሌላው ግድግዳ በኩል አዲስ መስኮት አወጣላቸው፣ ለማንደጃውም በረንዳው ላይ መጠለያ ሠራላቸው። አለቃዬ ደግሞ ስብሰባ ላይ የእኔን ቅጽ ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሳየ፣ «ተመልከቱ፣ የሁላችሁም ቅጽ ከመሣሪያው ጋር አይገናኝም፣ ሰው ገባ በተባለበት ሰዓት ላይ አየሩ ንቅንቅ አይልም፣ የትዕግሥት ግን ደቂቃው ሳይቀር ልክ ነው፣ ሥራ ማለት ይሄ ነው» አለ፣ ተጨበጨበልኝ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፣ ባልደረቦቼ ትሕትና መስሏቸው ይበልጥ አጨበጨቡ።

ልጁ አርባ ቀኑ ሞልቶ ክርስትና ሲነሳ ተጠራሁ። መቅረት አልቻልኩም፣ እንግዲህ መቅረት የሚባል ነገር እፈራለሁ። እትዬ አስካለ ለመጣው ሰው ሁሉ «ልጃችንን ያተረፈችልን እሷ ናት» እያሉ አስተዋወቁኝ፣ የማህሌት ባል ተነስቶ ጉልበቴን ሊስም ምንም አልቀረውም፣ ምስጋናውን ሁሉ እንደ ሌባ ተቀበልኩ። ልጁን አምጥተው አሳቀፉኝ፣ ወፍሯል፣ ዓይኑ ጥቁር ነው፣ ትክ ብሎ ያየኛል። ማህሌት አጠገቤ ተቀምጣ የልጁን ልብስ ስታስተካክል እጇ እጄን ነካውና ቆመች።

«እጅሽ ይሞቃል» አለችኝ።

«እንዴት?»

«ያኔ ልጁን ከእጄ ስትቀበዪኝ እጅሽ ሁልጊዜ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር፣ አሁን ከውኃ ውስጥ የወጣ ያህል፣ መስኮቱን ስለከፈትሽ ይመስለኝ ነበር።»

ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዚያ ምንም ክፉ ነገር ሳትናገር፣ ፈገግ ብላ፣ በትሕትና፣ ልጁን ከእቅፌ መልሳ ወሰደችው።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም። ከከተማው ዳር ቡሹሎ ድረስ ቢሆን፣ ዝናብ ቢሆን፣ አሞኝ ቢሆን፣ በተናገርኩት ሰዓት እሄዳለሁ፣ ባልደረቦቼ አለቃ ካመሰገናት ጀምሮ ጎበዝ ሆነች እያሉ ያሾፉብኛል፣ ያሹፉ። እኔ የምሄደው ካልሄድኩ ማን እንደሚሄድልኝ ስለማላውቅ ነው። የሰው ቤት በር ከማንኳኳቴ በፊትም እንደ ሞኝ ቆሜ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ውስጥ ድምፄ ይሰማ እንደሆነ አዳምጣለሁ።